መብረቅና ነጎድጓድ ከምን ይመጣሉ?

በአቃቂ ቃሊቲ ዙሪያ የምታርሱ ገበሬዎች! በክረምት ጧት ፀሐይ ወጥታ መረሬውን መሬት ታሞቀዋለች። ከሰዓት በኋላ በየረርና በፉሪ በኩል ደመናው ይጠቁራል፤ ሰማዩ ይብለጨለጫል፣ ያጓራል። ይኸ ቁጣ አይደለም፤ ምክንያት አለው።

የወጥ ድስት ክዳን ሲነሳ ውስጡ ውሃ አይንጠባጠብም? እንፋሎቱ ሞቆ ወጥቶ፣ ክዳኑ ላይ ቀዝቅዞ ውሃ ሆነ ማለት ነው። በሰማይም እንዲሁ ነው። እርጥብና ሞቃት አየር ከመሬት ይነሳል፤ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱ ጠብታ ይሆናል። ደመና የምንለው ይኸው ነው። አየሩ በኃይል ከገፋው ደመናው 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይቆማል። እዚያ ላይ ብርዱ ከባድ ስለሆነ ውሃው በረዶ ይሆናል።

ትንንሾቹ የበረዶ ቅንጣቶች ወደ ላይ ሲወጡ ከከባዶቹ ጋር ይፋተጋሉ። ከዚህ መፋተግ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። (በበጋ ሌሊት የናይለን ልብስ ስታወልቁ ጠሽ ጠሽ የሚለው የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው።) ከደመናው አናት አንድ ዓይነት፣ ከሥሩ ሌላ ዓይነት ኤሌክትሪክ ይከማቻል። ሲበዛ አየሩን ሰንጥቆ ከደመና ወደ ደመና ወይም ወደ መሬት ይዘላል። መብረቅ ማለት ይኸ ነው።

መብረቁ ያለፈበት አየር ባንዴ ወደ 30,000 ዲግሪ ይግላል፤ ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። እንዲህ የጋለ አየር ይፈነዳል፤ ነጎድጓድ የፍንዳታው ድምፅ ነው። መብረቁ ረጅም ስለሆነ የቅርቡ ድምፅ ቀድሞ፣ የሩቁ ዘግይቶ ይደርሳል፤ የሚንከባለል የሚመስለው ለዚህ ነው።

ብርሃን ወዲያው ይታያል። ድምፅ ግን 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ቁጥር ለምዳችኋል፤ ብልጭ ሲል ቀስ ብላችሁ ቁጠሩ። 9 ላይ ከተሰማ መብረቁ 3 ኪሎ ሜትር ርቋል። 30 ሳይሞላ ከተሰማ በሬዎቹን ፍቱና ወደ ቤት ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳያልፍ አትውጡ።

ዛፍ ሥር መጠለል ከዝናቡ የባሰ ነው። መብረቅ ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለውን ይመታል፤ ከዛፉም ወርዶ በመሬቱ ላይ ይሰራጫል። ከብት ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ባንዴ የሚያልቀው ለዚህ ነው፤ የፊትና የኋላ እግሩ ስለሚራራቅ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ገብቶ፣ በልቡ በኩል አልፎ፣ በሌላው ይወጣል። ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል የሚሉም አሉ፤ መብረቅ ቀለም አይለይም።

የተመታ ሰው ሲወድቅ «አትንኩት፣ እናንተንም ይይዛችኋል» ካሏችሁ አትስሙ። ኤሌክትሪኩ አልፎ ሄዷል፤ በገላው ውስጥ አይቀርም። ትንፋሹ ከቆመ የደረቱን መሃል በሁለት እጅ ጠንክራችሁ ቶሎ ቶሎ ተጫኑ፤ ሌላው ሰው ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ መኪና ይፈልግ።