አንዱ ሲያስል ቤቱ ሁሉ እንዳይታመም

በቤታችሁ አንድ ሰው ማሳል ሲጀምር በመጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው? በብዙ ቤቶች ልማዱ ተመሳሳይ ነው። መስኮቱ ይዘጋል፣ ጋቢ ይደረባል፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይዘጋጃል። እናት አጠገቡ ተቀምጣ ታጎርሰዋለች። የታመመው ባል ወይም ሚስት ከሆነ ደግሞ ማታ እንደ ወትሮው በአንድ አልጋ ይታደራል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የሚመነጭ ነው። ሆኖም እንደ ኮሮና ያለ በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ከአንዱ የቤተሰብ አባል ወደ ሌላው የሚሻገረው በዚሁ በመቀራረባችን መንገድ ነው።

የኮሮና ቫይረስ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙዎቻችንም በየቤታችን ሆነን አመለክን። የዓለም ጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ቢሆንም ቫይረሱ ግን ከዓለም አልጠፋም። ኢንፍሉዌንዛም በየጊዜው ይመላለሳል። ስለዚህ ያ ዘመን ያስተማረንን ልንረሳው አይገባም።

ቤት ውስጥ ለምን ቶሎ ይዛመታል?

ቡና ሲቆላ ጭሱ ከምድጃው አጠገብ ብቻ አይቀርም። ክፍሉን ይሞላል፤ በሩ ከተዘጋም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የታመመ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲዘምር፣ ሲናገርም ጭምር ከአፉና ከአፍንጫው የሚወጡት ጠብታዎች እንዲሁ ናቸው። ትልልቆቹ በቅርብ ይወድቃሉ። እጅግ ጥቃቅኖቹ ግን በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥም እየበዙ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ልማዳችንን መመርመር ያስፈልገናል። «ብርድ ይመታዋል» ብለን መስኮት እንዘጋለን። በሽታውን የሚያመጣው ግን ቫይረሱ እንጂ በመስኮት የሚገባው ንጹሕ አየር አይደለም። በሽተኛውን በብርድ ልብስ አሙቁት፤ መስኮቱን ግን ክፈቱት። ዝንጅብሉም ጉሮሮን ያለሰልስ ይሆናል እንጂ ቫይረሱ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ አያግድም።

ሌላው ችግር ሰው መታመሙን ሳያውቅ ማስተላለፉ ነው። ኮሮና ሕመሙ ከመሰማቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ሊተላለፍ ይችላል። በብዛት የሚተላለፈውም በእነዚህ ቀናትና ሕመሙ በጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ገደማ ነው። «ነገ ካልተሻለው እናስብበታለን» ማለት ዋናውን ጊዜ ማሳለፍ ነው።

ለባልና ሚስት

በ2020 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች 54 ጥናቶችን በአንድነት መርምረው ነበር። ከበሽተኛ ጋር በአንድ ቤት ከሚኖሩ 100 ሰዎች 17 ያህሉ በቫይረሱ እንደተያዙ አገኙ። የትዳር ጓደኛ ሲሆን ግን ቁጥሩ ከ100 ወደ 38 ገደማ ከፍ አለ። ከሌሎቹ የቤተሰብ አባላት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ከመጣ በኋላ ደግሞ በጠቅላላ ቤተሰብ ውስጥ ከ100 ሰዎች ወደ 43 ገደማ እንደሚያዙ ታየ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአንድ ትራስ አጠገብ ስድስትና ሰባት ሰዓት አንድ አየር እየሳቡ ማደር ትልቅ መቀራረብ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ባልና ሚስት ተስማምተው ለጊዜው ስለ መለየታቸው፣ ከዚያም ተመልሰው ስለ መገናኘታቸው ይናገራል። እርግጥ እርሱ የሚናገረው ስለ ጸሎት ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል፤ መለየቱ በስምምነት ነው፣ ጊዜም አለው። እህቴ ሆይ፣ ባልሽ ሳሎን ሲተኛ ከመከፋትሽ በፊት ተነጋገሩ። ወንድሜ ሆይ፣ ፍራሽህን ይዘህ ዝም ብለህ አትውጣ። ለምን እንደምትለያዩና መቼ እንደምትመለሱ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

መለየት ማግለል አይደለም

ብዙዎቻችን ስለ መለየት ሲነሳ የሚሰቀጥጠን ያለ ምክንያት አይደለም። ኤች አይ ቪ በተስፋፋባቸው ዓመታት ስንቶች ጽዋቸው ተለየባቸው፣ ሳህናቸው ተለየባቸው! ኤች አይ ቪ በትንፋሽም ሆነ አብሮ በመብላት ስለማይተላለፍ ያ መለየት ማንንም አልጠበቀም፤ ልብ ብቻ ሰበረ። ይህኛው ግን በትንፋሽ የሚሄድ ነው። መለየቱ ለጥቂት ቀናት ነው፤ ሲያበቃም አብሮ ይበላል። በዘሌዋውያን 13 እንኳ ካህኑ የተለየውን ሰው ረስቶ አይተወውም። በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ያየዋል።

ስለዚህ የተለየውን ሰው በየሰዓቱ ከበሩ ውጭ ሆናችሁ በስሙ ጥሩት። በስልክ አጫውቱት፤ በር ላይ ቆማችሁ ጸልዩለት። ልጆች ሥዕል ሥለው በበሩ ሥር ይላኩለት።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ክፍል ካለ በሽተኛው ለብቻው ይሁን። ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው ግን በአንድ ክፍል ነው። እንዲህ ከሆነ በሽተኛው በመስኮቱ በኩል ይተኛ። ሌሎቹ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ፤ ይህም ካልሆነ የአንዱ ራስ በሌላው እግር በኩል ይሁን። በሽተኛውም አስታማሚውም ማስክ ያድርጉ፤ መስኮቱም ይከፈት።

ለጥቂት ቀናት ማጉረስና በአንድ ትሪ ዙሪያ መቀመጥ ይቅር። ዕቃውን መጣል ወይም ለዘለቄታው መለየት አያስፈልግም፤ በሳሙና በደንብ ማጠብ ይበቃል። እጅም እንዲሁ በሳሙና ይታጠብ።

አስታማሚው አንድ ሰው ይሁን፤ ጤናማና ወጣት ቢሆን ይመረጣል። የኅዳር በሽታ በተባለው በ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወድቆ ውኃ የሚያቀብል እንኳ የጠፋባቸው ቤቶች እንደ ነበሩ ይነገራል። ሁላችን በአንድነት ከበን ስናስታምም በሳምንቱ ሁላችን ከወደቅን ማን ያነሣናል?

አያትን፣ ነፍሰ ጡርን፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ከበሽተኛው አርቁ። ጡት የምታጠባ እናት ብትታመም ግን እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ማስክ አድርጋ ማጥባቷን ትቀጥል። ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን አጥብቆ ከያዘው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ግራ ከተጋባ ግን በቤት አትጠብቁ። ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

«እምነት ካለን አይዘንም»

ከባለቤቴ ጋር ሕሙማንን ስንጠይቅ ይህን ንግግር ደጋግመን ሰምተናል። የተወደዳችሁ፣ ጌታ እንደሚፈውስ እናምናለን። ነገር ግን ማስክ የምናደርገው ለራሳችን ፈርተን ብቻ አይደለም። በዚያች ክፍል ጥግ የተቀመጡትን እማማን አስበን ነው። የእኔ ድፍረት የእርሳቸውን ሕይወት የሚያስከፍል ከሆነ እምነት ብዬ ልጠራው አልችልም። ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ እዚህ ላይ ይፈተናል።

የጸሎት ቡድን መሪዎችም አስቡበት። አሥር ሰው በአንዲት ክፍል ተሰብስቦ እጅ ከሚጭን፣ ሾርባ አብስላችሁ በር ላይ አስቀምጡ፤ በስልክ ጸልዩ። የታመመች እናት ልጆች ካሏት የቤት ሥራቸውን በስልክ አስጠኑላት፤ ከውጭ ውኃ ቅዱላት።

እንግዲህ ዛሬ ማንም ሳይታመም ማታ በእራት ላይ ተነጋገሩ። ከመካከላችን አንዱ ቢታመም የት ይተኛል? ማን ያስታምመዋል? አያት ወዴት ይሄዳሉ? ሰው ከታመመ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ «ጠላችሁኝ» ያሰኛል። አስቀድሞ የተስማማ ቤተሰብ ግን በሩ ሲዘጋም ልቡ አይዘጋም። ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።