ማሳ የራሱ አየር አለው

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ ቢጠቃለሉም፣ ከአስፋልቱ ራቅ ሲሉ ጤፍ፣ ገብስና ባቄላ አሁንም አለ። ስለ አየር ሲወራ ሁሉም ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። ባቄላ የሚኖረው ግን ለመሬት በቀረበ አየር ውስጥ ነው፤ ያን አየር በአብዛኛው የሚያበጀው ዘሪው ራሱ ነው። ቅጠል ጥላ ይጥላል፣ ውሃ ያተናል፣ ነፋስ ያግዳል፤ ሲበዛ ከሥሩ ያለው አየር ይታፈናል። ጤፍም ሲታፈግ አገዳው ቀጥኖ ይጋሽባል።

እኔን የሚያንገበግበኝ «ዘር ሲበዛ ምርት ይበዛል» የሚሉት ነገር ነው። በመስከረም ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን የተዘሩ ሁለት የባቄላ ማሳዎች አየሁ። አንዱ ባለሙያ እንደሚመክረው በመስመርና በመስመር መካከል 40፣ በተክልና በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ተሰጥቶታል። ሌላው በብተና ተዘርቶ እጅ አያስገባም። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ጤዛውን ጨርሷል። የሁለተኛውን ቅጠል ገለጥ ሳደርግ ግን ታችኛው እንደራሰ ነው፤ ቡናማው ነጠብጣብም ከዚያው ጀምሯል።

«እርጥበት ደግ ነው ልጄ» አሉኝ ባለቤቱ።

«ለሥሩ ነው አባባ፤ ቅጠሉንማ ይፈጀዋል።»

ቸኮሌት ስፖት የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና ከ90 በመቶ በላይ እርጥበት ለረጅም ሰዓት ካገኘ ሌላ አይፈልግም። ቅዝቃዜውን ሱሉልታ ታቀርባለች፤ ሰዓቱን የሚያስረዝመው አብዝቶ የሚበትን እጅ ነው።

ባቄላና አተር አሰባጥሮ መዝራትን ኋላ ቀርነት የሚያደርጉ ሰዎች ያናድዱኛል። አተር ብቻውን ሲሆን መሬት ላይ ተኝቶ ይበሰብሳል፤ ባቄላ ተደግፎ ሲወጣ ነፋስ ያገኛል። ከታመመ ባቄላ የተነሳው የፈንገስ ብናኝም ከሌላ ባቄላ ሳይደርስ አተር ቅጠል ላይ ይቀራል። ሁለቱም በሙሉ ልካቸው ከተዘሩ ግን ያው መታፈን ነውና ዘሩን መቀነስ ግድ ነው።

ውርጭ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በጥቅምትና በኅዳር ጥርት ባለ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ከእንጦጦ ቁልቁል ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። በተዳፋት ማሳው ግርጌ ባሕር ዛፍ ጥቅጥቅ አድርጎ የሚደረድር ሰው ቅዝቃዜውን ማሳው ውስጥ እየገደበ ነው።

ወደ ባቄላና አተሩ ስመለስ፣ አሰባጥሮ መዝራትን ብዙዎች የሚሸሹት ምርቱን መለየቱ ስለሚያደክም ነው። አተርና ባቄላን ግን ወንፊት ይለያቸዋል፤ ለቤት ሽሮ ከሆነ አብረው ቢፈጩም የሚከፋው የለም።