መልቀቂያዬ መሳቢያ ውስጥ ነው!

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ይህቺን ታውቋታላችሁ። ጠዋት የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ያነባል። ዜና መስሏችሁ ሰረቅ አድርጋችሁ ስታዩ … ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ! ድሮ አራት ኪሎ ሰሌዳ ሥር ቆመን እናነበው የነበረውን ዛሬ በቴሌግራም ተቀምጠን እናነባለን። ያኔ ሥራ ስላልነበረን ነበር፤ ዛሬ ግን ሥራ እያለን ነው።

እኔም አንዱ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት አብረውኝ ከተቀጠሩት ስድስት ልጆች አምስቱ ለቀዋል። በየሽኝቱ ኬክ ቆርሰን፣ «ይቅናህ» ብለን መርቀን፣ በማግስቱ የሄደውን ልጅ ፋይል ተከፋፍለናል። ለምን ለቀቀ ሲባል መልሱ ያው ነው። «ደመወዝ!»

ውሸት አይደለም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የተደረገው ማሻሻያ የዲግሪ ምሩቅን መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ አድርጎታል። ቀላል ጭማሪ አይደለም። ግን የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው 11,500 ብር ስንት ቀን እንደምታደርስ ያውቃታል።

እኔ መልቀቂያ የጻፍኩት ግን በብር የተነሳ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍላችን ውስጥ የተከማቸ የባለጉዳይ ፋይል ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ቅዳሜን ጭምር እየገባሁ ጨረስኩት። ሦስት ዓመት የተመላለሱ አንዲት እናት ጉዳያቸው ሲያልቅ ግንባሬን ስመው መረቁኝ። ከዚያ የስድስት ወር የሥራ አፈጻጸም ምዘና መጣ። እኔ 86! አርፍዶ ገብቶ ሻይ ቡና ሲል የሚውለው ባልደረባዬስ? እሱም 86! አለቃዬን ብጠይቃቸው «ሰው እንዳይከፋው እኩል አደረግነው» አሉኝ። እኔስ ሰው አይደለሁም እንዴ? የዚያኑ ዕለት መልቀቂያዬን ጽፌ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ለካ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ጥናት ሁለት መቶ ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ጠይቆ ነበር። የደረሰበት ነገር ይገርማል። ሰውን በሥራው የሚያስመርረውና የሚያስደስተው ነገር አንድ አይደለም! ደመወዝ፣ የአለቃ ጠባይና የመሥሪያ ቤት ደንብ ሲበላሹ ያስመርራሉ፤ ሲስተካከሉ ግን ምሬቱን ያበርዳሉ እንጂ ሥራውን አያስወድዱም። ሥራን የሚያስወድደው ሠርቶ ውጤት ማየት፣ ለሠሩት መመስገን፣ ኃላፊነትና እድገት ነው።

ከለቀቁት አንዷ ባንክ ገብታ ደመወዟ እጥፍ ሆነ። በዓመቷ ስንገናኝ ያው ስልኳ ላይ ማስታወቂያ ታነባለች! «ብሩ ጥሩ ነው፤ ግን እዚያም ብሠራ ባልሠራ ማንም አያየኝም» አለችኝ። ኪራይ መክፈል አቅቶት የለቀቀው ልጅ ግን በሄደበት ተስማምቶታል።

እናም ወዳጆቼ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ደመወዜ ዛሬ እጥፍ ቢሆን ነገ ጠዋት ደስ ብሎኝ እገባለሁ? መልሱ «አዎ» ከሆነ ፈልጉና ሂዱ፤ ማንም አይፈርድባችሁም። «አይ» ከሆነ ግን በሽታው ሌላ ነውና ተከትሏችሁ ይሄዳል። መጀመሪያ የሠራችሁትን በቁጥር መዝግባችሁ አሳዩ፤ ቅሬታ አቅርቡ፤ ዝውውር ጠይቁ። ስትለቁም ኩርፊያ ይዟችሁ አትጥፉ። ማስታወቂያ ሰጥታችሁ፣ ንብረት አስረክባችሁ፣ ክሊራንስና የሥራ ልምድ ይዛችሁ ውጡ።

እኔስ? ያለቁትን ፋይሎች ዝርዝር አያይዤ ለቅሬታ ሰሚ አመለከትኩ። 86ቷ ንቅንቅ አላለችም። ዝውውሬ ግን ተፈቀደልኝ። አዲሷ አለቃዬ ማታ ሲወጡ «ዛሬ ስንት ባለጉዳይ ሸኘን?» ይሉናል። ለካ አንድ ጥያቄ ይህን ያህል ያሠራል!

መልቀቂያዬ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ነው። አልቀደድኩትም … ቀን ግን አልጻፍኩበትም።