ልጆችን የሕንፃ ሥራ ጥበብ ስለ ማሳየት

ብዙዎቻችን ልጃችንን ወደ ትምህርት ቤት ስንልክ የምንመኝለት ሹመትንና ብዕርን ነው። ልጁ ግንበኛ ወይም አናጢ ልሁን ያለ እንደ ሆነ ግን ቤቱ ኀዘን የገባበት ይመስላል። እኛም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለንም። አምና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው ልጃችን የግንብ ሥራ ልማር ብሎ ቢለምነን፤ «ይህን ያህል ዓመት ያስተማርንህ ድንጋይ ልትሸከም ነውን?» ብለን ተቈጣነው። እርሱም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ ዝምታው ግን ከመልስ ይልቅ ከበደን።

ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁን አስከትለን በሰፈራችን ቤት ወደሚሠራበት ስፍራ ሄድን። በዚያ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ የመሠረቱን ማዕዘን ለማውጣት ሲባጎ ወጥረው ነበር። በአንዱ ወገን 3 ሜትር፥ በሌላው ወገን 4 ሜትር ለክተው ምልክት አደረጉና፤ «ጌታዬ፥ ከምልክት እስከ ምልክት 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል» አሉን። ልጃችንም 3 በ3ና 4 በ4 ተባዝተው ቢደመሩ 25 እንደሚሆኑ፥ ይህም 5 በ5 መሆኑን ወዲያው አስረዳ። ሽማግሌውም ፈገግ ብለው፤ «ልጄ፥ እኔ በእጄ የማውቀውን አንተ በቍጥር ታውቀዋለህ፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ቢገናኙ መልካም ነበር» አሉት። በዚህ ጊዜ እኛ አፈርን።

የሕንፃ ሥራ አንድ ሙያ ብቻ አይደለም። ቀያሹ መሬቱን ይለካል፤ ግንበኛው በቱምቢና በውሃ ልክ ግድግዳውን ያቀናል፤ ፌራዮው ብረቱን ቈርጦ ያስራል፤ አናጢው አርማታው የሚፈስበትን ሣንቃ ይመታል፤ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ደግሞ ለቤቱ ውሃና ብርሃን ይሰጡታል። አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ካልጠጣ ብርታቱ ይጐድላል፤ ጥንካሬውም የሚመዘነው በ28ኛው ቀን ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የሠራው ቤት ጕድለቱ የሚታየው ቤተ ሰብ ገብቶ ከተኛበት በኋላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ተቋራጩን ስለ ሕንፃው ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ባለ እጅን መናቅ የቈየ በሽታችን ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እኛ ግን እስከ ዛሬ በላሊበላ ፍልፍልና በጎንደር ግንብ እየተመካን፥ ድንጋዩን የጠረበውን እጅ ለልጃችን አንመኝም።

ሥራው ድካምና አደጋ የለበትም አንልም። ከመወጣጫ የወደቀ አለ፤ ክረምት ሲገባም ሥራ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ልጁ ሙያውን በትምህርት ቤት በሥርዓት ይማር፤ ራሱን ከአደጋ መጠበቅን፥ ሒሳብ መያዝንና ውል መጻፍን ከሙያው ጋር ያጥና።

ለወላጆች የምንመክረው ይህ ነው፤ ወንድም ቢሆን ሴት፥ ልጃችሁን ከመቈጣታችሁ በፊት አንድ ቀን ሥራው ወዳለበት ውሰዱት። ባለሙያዎቹን ይጠይቅ፤ አሸዋውን በእጁ ይንካ፤ ከዚያ በኋላ ይምረጥ። የእኛ ልጅ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ከሽማግሌው ዘንድ ቱምቢ መያዝ ጀምሯል። ማታ አቧራ ለብሶ ሲገባ እናቱ ውሃ ታቀርብለታለች፤ እኛም ስለ ዋለበት ሥራ እንጠይቀዋለን።