ዝሆኔ፦ ከቀይ አፈር የሚመጣው የእግር በሽታ

በጎጃም ከደጀን ተነስቶ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ሞጣን አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ የጮቄን ተራራ በምሥራቅ በኩል ይዞት ይሄዳል። ቢቸና የእነማይ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ናቸው፤ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አገሩ የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ ዝናብም አይነፈገውም። በገበያ ቀን በዚህ መንገድ ዳር ወደ ከተማ ከሚጎርፈው ሰው መካከል አልፎ አልፎ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ያበጠ፣ ጣቶቹ የተድቦለቦሉ፣ ቆዳው የሻከረ ሰው ይታያል። አገሬው በሽታውን ዝሆኔ ይለዋል። ገበያ የሚወጣው ደግሞ መራመድ የሚችለውና የሰው ዓይን የማይከብደው ነው፤ ያልቻለው ቤቱ ተቀምጧል።

ሁለት ዓይነት ዝሆኔ አለ። አንደኛው በቆላ፣ ትንኝ የምታስተላልፈው ክር መሰል ትል የሚያመጣው ነው። የደጋው ግን ትልም፣ ትንኝም፣ ተሕዋስም የለበትም። መነሻው አፈሩ ራሱ ነው። በሕክምና ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ይህን ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ፕራይስ የሕመምተኞችን የንፍፊት ዕጢ ሲመረምር ከአፈር የመጡ የሲሊከንና የአሉሚኒየም ደቃቅ ብናኞች አገኘ። በሽታው የሚበዛባቸውን አካባቢዎች ሲያነጻጽርም የትም ቢሄድ የሚገጥመው ነገር ተመሳሳይ ሆነ፤ ደጋ፣ ብዙ ዝናብ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈርና ባዶ እግር። ጮቄ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። አፈሩ ሁሉ ቀይ ባይሆንም፣ ሜዳው ዋልካ ቢበዛበትም፣ ተዳፋቱን ይዞ የሚኖረው ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ የሚረግጠው ያንኑ ቀይ አፈር ነው።

ብናኙ በተሰነጣጠቀ ተረከዝና በእግር ቆዳ በኩል ይገባል። ከሥጋ መሐል ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሱ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ፤ ብናኙ እነዚህን ያስቆጣቸዋል። በዓመታት ውስጥ ቧንቧዎቹ ይጠብባሉ፣ ኋላም ይደፈናሉ፤ መመለሻ ያጣው ፈሳሽ እግር ውስጥ ይጠራቀማል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በአሥራዎቹ ወይም በሃያዎቹ ዕድሜ ይጀምራል። ጅምሩ ለዓይን አይጎላም። ማታ ማታ እግር ያቃጥላል፤ ከጣቶቹ በላይ ያለው ቆዳ ያሳክካል፤ ከእርሻ ውሎ በኋላ የሚመጣው እብጠት አድሮ ይጎድላል። በዚህ ጊዜ እግሩን መታጠብና መጫማት የጀመረ ሰው ሊመለስ ይችላል። ካለፈ በኋላ ግን እብጠቱ ይጠጥራል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ እባጮች ይወጡበታል። ከጉልበት በላይ የሚወጣው ጥቂት ነው፤ የቆላው ዝሆኔ ከብሽሽት አካባቢ ሊጀምር ስለሚችል ሐኪም ሁለቱን ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው።

በአንድ ማሳ ላይ አብረው በባዶ እግራቸው ከሚያርሱ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሊታመም፣ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ለበሽታው የሚያጋልጥ በዘር የሚወረስ ባሕርይ መኖሩን አሳይተዋል። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም፤ ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ሰው እግሩ አፈሩን ካልነካ አይታመምም። ይህ ልዩነት በገጠሩ ኑሮ ውስጥ ትልቅ ትርጉም አለው። ዝሆኔ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚታይ የዚያ ቤት ልጆች፣ ጤነኞቹም ጭምር፣ ትዳር ይከለከላሉ። እርግማን ነው፣ ይጋባል የሚሉም አሉ። ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ይቀራሉ፤ ሽማግሌዎች ከሰርግና ከማኅበር ይርቃሉ። በሽታው ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አንድ ማዕድ በመቁረስም፣ በአንድ አልጋ በመተኛትም።

የጎጃም ሁኔታ በደንብ የተጠናው በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት በተደረገ ቆጠራ ነው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ነዋሪዎች 3.3 በመቶው ይህ በሽታ አለባቸው። ከሕመምተኞቹ 87 በመቶው በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። ሕክምና የፈለጉት እብጠቱ ከጀመረ በአማካይ አምስት ዓመት ቆይተው ነው፤ በዚያ መዘግየት ውስጥ ሊመለስ ይችል የነበረው እብጠት ጠጥሯል። ግማሾቹ የመጀመሪያ ጫማቸውን ያደረጉት 22 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሲሆናቸው ነው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ በደረሱ ሰዓት ከአራቱ አንዱ ያህል ባዶ እግሩን ነበር፤ ከእነዚህም ሁለት ሦስተኛው ሴቶች። እኔ ይህን ቁጥር የማነበው በቤት ውስጥ ካለው የጫማ ወረፋ ጋር ነው። አባወራው ገበያ፣ ችሎትና ስብሰባ ይወጣልና ጫማው ቀድሞ ለእርሱ ይገዛል። ውኃ የምትቀዳው፣ አዛባ የምትጠርገው፣ ጉልጓሎ የምትውለው ሚስቱና ልጃገረዷ ወረፋ ይጠብቃሉ። አፈሩን አብዝታ የምትረግጠው ግን እርሷ ናት።

ሕመምተኛውን ከእብጠቱ በላይ የሚያሠቃየው ሌላ ነገር አለ። እግሩ ድንገት ይግላል፣ ይቀላል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ትኩሳቱ አልጋ ላይ ይጥለዋል። በተሰነጠቀው ቆዳ በኩል ተሕዋስያን ሲገቡ የሚነሣ ቁጣ ነው። በ2012ቱ የጎጃም ጥናት ሕመምተኞቹ ተጠይቀው በዓመት አምስት ጊዜ ያህል እንደሚነሣባቸውና ተደምሮ 90 ቀን እንደሚወስድባቸው ተናግረዋል። ሦስት ወር ማለት ነው፤ የእርሻ፣ የአረም ወይም የአጨዳ ወቅት ሙሉ። በወላይታ የተደረገ የኢኮኖሚ ጥናትም ሕመምተኛው ከሥራ ቀኑ 45 በመቶውን እንደሚያጣ አስልቷል።

ሕክምናው ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም። ሳፋ፣ ውኃ፣ ሳሙና፣ ጥቂት በረኪና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ይበቃል። ሕመምተኛው እግሩን በየቀኑ በሳሙና ያጥባል፤ ተሕዋስ የሚገድል መድኃኒት በተመጠነበት ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይዘፈዝፋል፤ በጣቶቹ መካከል ያለውን ሳይቀር በንጹሕ ጨርቅ ያደርቃል። ጣት ለጣት መሐል የሚቀር እርጥበት ፈንገስ ያበቅላል፤ ፈንገሱ ቆዳውን ይከፍታል፤ ቁጣው የሚነሣውም በዚያው ቀዳዳ ነው። ከዚያ ቆዳው እንዲለሰልስ ቫዝሊን ይቀባል። እብጠቱ ከበረታ ከታች ወደ ላይ በፋሻ ይጠቀለላል። ሲቀመጥ እግሩን ከፍ ያደርጋል፤ ቁርጭምጭሚቱንና ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። በመጨረሻም ካልሲና የተሸፈነ ጫማ ያደርጋል። ኮንጎ ጫማ ከባዶ እግር ቢሻልም አቧራውንና ጭቃውን በቀዳዳው ያስገባል። እባጮቹ ጫማ የሚከለክሉ ከሆኑ በቀዶ ሕክምና ይነሣሉ።

ይህ ሁሉ ለውጥ ያመጣል ወይ የሚለው የተፈተነው እዚያው ምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ ውስጥ ነው። 696 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ሕክምናውን ወዲያው፣ ግማሾቹ ከአንድ ዓመት በኋላ አገኙ። ቁጣው ቀን በቀን በማስታወሻ ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት ሕክምናውን ባልጀመሩት ዘንድ በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ፣ በታከሙት 19.4 ጊዜ ሕመሙ ተነሥቷል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ሕመምተኞች በትዝታ ሲጠየቁ አምስት ጊዜ ያሉት ነገር በየቀኑ ሲመዘገብ ከሃያ በላይ ሆነ። ወረዳውና የአቆጣጠሩ መንገድ ቢለያዩም፣ ሰው ሕመምን ሲለምደው መቁጠር የሚተው ይመስለኛል። የአንድ አምስተኛ ቅናሽም በወረቀት ላይ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለገበሬው ግን በዓመት አራት አምስት ጊዜ ከአልጋ መትረፍ ነው፤ ያውም በሳሙናና በውኃ።

አገልግሎቱን ማን ይሰጣል? በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሴት ባለሙያዎች ይመደባሉ፤ ከእነርሱ በላይ ጤና ጣቢያው፣ ከዚያም ሆስፒታሉ አለ። ቢቸናም ሞጣም ሆስፒታል አላቸው፤ ከባዱ ሕመም ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላካል። በሽታው ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላና የሐሩር በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከመንግሥት ጎን የቆሙም አሉ። ዓለም አቀፉ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች በጎ አድራጎት ድርጅት ደብረ ማርቆስን ይዞ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የሕመምተኞችን እግር ማከምና ጤና ሠራተኞችን ማሠልጠን ላይ ብዙ ሠርቷል፤ የአነደዱ ጥናት የተሠራውም በእርሱ ተሳትፎ ነው። የቤተ ክርስቲያን እጅ መኖሩ ትክክል ነው እላለሁ። ሕመምተኛው ከሐኪም በፊት ወደ ጸበል ይሄዳል፤ ካህኑ «ጸበልህን ተጠመቅ፣ እግርህንም በሳሙና ታጠብ» ካለው ይሰማዋል። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር የሚያጥቡበት አገር ነው፤ እግር ማጠብ ነውር የሌለበት፣ የክብር ሥራ ነው።

እጥረቱ ያለው ከትምህርቱ በኋላ ነው። በየቀኑ እግር መታጠብ የተነገራት እናት ውኃውን ከወንዝ በጀርባዋ ታመጣለች። ለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ሌላ ሙከራ ጥሩ ዜና አለው፤ ጥቂት ግሊሰሪን ከተጨመረበት አንድ ሊትር ውኃ ይበቃል። ሳሙናውና ቫዝሊኑ ግን ወር በገባ ቁጥር ገንዘብ ይጠይቃሉ። ላበጠ እግር የሚሆን ጫማም ከገበያ አይገኝም፤ በልክ መሰፋት አለበት። በወላይታ ከበሽታው ያገገሙ ሰዎች ጫማ ሰፊነት ተምረው ለሌሎች ሕመምተኞች ሰፍተዋል። ጎጃም በቆዳ ሥራ የታወቁ እጆች ሞልተውታል፤ በቢቸናና በሞጣ ይህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድን ያከብዳል፤ መንገድ ሲዘጋ አስቀድሞ የሚቋረጠው እንዲህ ያለው፣ የማይገድል የሚመስለው ሕመም አቅርቦት ነው። ስለዚህ ሳሙናውና ፋሻው ከጤና ጣቢያ መደበኛ በጀት ጋር መግባት አለበት፤ በእርዳታ ላይ ብቻ የቆመ ሕክምና እርዳታው ሲያልቅ ያልቃል።

ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ አንድ ጊዜ ይህ በሽታ ነበረባቸው። ሕዝቡ መጫማት ሲለምድ ጠፋ፤ ክትባት አልተሠራለትም፣ አላስፈለገምም። በኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 በመላ አገሪቱ የተደረገው የካርታ ሥራ ከአዋቂዎች 4 በመቶው በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል።

በዚያ መንገድ ዳር የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጁ መራመድ ሲጀምር ጫማ አድርጉለት፤ ለሴቷም ለወንዱም እኩል። ማታ ማታ እግሬ ያቃጥለኛል የሚል ጎረምሳ ወይም ልጃገረድ ቤታችሁ ውስጥ ካለ ዛሬውኑ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ንገሯት። በጅምሩ የመጣ እግር ሊመለስ ይችላል።