ዋንጫ ዳካር የገባ ጊዜ

በዚህ እትም ይዤላችሁ የቀረብኩት በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት በዓይኔ ያየሁትን ነው። ከእናቴ ጋር ሆነን አክስቴን ለመጠየቅ ወደምትሠራበት ወደ ሴኔጋል ዋና ከተማ፣ ወደ ዳካር ሄደን ነበር። አጋጣሚ ሆኖ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ እዚያው እያለን ደረሰ። ቀኑም ጥር 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር።

ጨዋታው የተካሄደው በካሜሩን፣ ያውንዴ ከተማ ነው። ሴኔጋል ከግብፅ ጋር ገጠመች። ግብፅ ዋንጫውን 7 ጊዜ ወስዳለች። ሴኔጋል ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ አልወሰደችም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሳ በ1994 በካሜሩን፣ በ2011 ደግሞ በአልጄሪያ ተሸንፋ ነበር።

ጨዋታውን ያየነው ጎረቤት ግቢ ቴሌቪዥን ወጥቶ ነው። እዚያ አገር «አታያ» የሚባል ሻይ አለ። ልክ እንደ እኛ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። ሻዩ ገና ከሰል ላይ እያለ በ7ኛው ደቂቃ ሴኔጋል ፍጹም ቅጣት ምት፣ እኛ ሪጎሬ የምንለውን አገኘች። ሳዲዮ ማኔ መታ። በረኛው አዳነበት! ግቢው ጭጭ አለ። እኔ አሁን የስድብ መዓት ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ፣ ሻይ የሚያፈሉት አባት በወሎፍ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩና ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አክስቴን «ምን አሉ?» አልኳት። «ገና የመጀመሪያው ሻይ ላይ ነን፤ ሁለት ይቀረናል» ነው ያሉት አለችኝ።

120 ደቂቃ ተጫውተው 0 ለ 0 ስለሆነ መለያ ምት ተጀመረ። የመጨረሻውን ማን ይምታ? ያው የሳተው ማኔ! አገባ። ሴኔጋል 4 ለ 2 አሸነፈች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ! መንገዱ በጡሩምባና በከበሮ ተሞላ። የማናውቃቸው ሰዎች ሁሉ አቀፉን። ባንዲራቸው እንደ እኛ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሲሆን ቀለሞቹ ግን ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው፤ ቢጫው መሀል አረንጓዴ ኮከብ አለ። እኔ በጨለማ ሳየው አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ሰኞ የሕዝብ በዓል ሆኖ ሥራ ተዘጋ። ተጫዋቾቹ በአውሮፕላን መጡና ጣሪያ በሌለው አውቶቡስ ዋንጫውን ይዘው ከተማዋን ዞሩ። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሳ አውቶቡሱ እንደ ኤሊ ነበር የሚሄደው። ሰው አጥርና ዛፍ ላይ ሳይቀር ወጥቶ ነበር።

ደስታው ለምን ይህን ያህል ሆነ? አክስቴ እንዲህ አስረዳችኝ። አሠልጣኙ አሊዩ ሲሴ በ1994ቱ ፍጻሜ የቡድኑ አምበል ነበር። የመጨረሻውን መለያ ምት የሳተውም እሱ ነው። ያ ሰው ከ20 ዓመት በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ ዋንጫውን አመጣ። አገሩ «አንተ ነህ ያሸነፍከን» ብሎ ጥሎት ቢሆን ኖሮ ይህ ቀን ይመጣ ነበር? እኛም ኢትዮጵያውያን በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ይህንኑ ዋንጫ የወሰድነው ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ነው። ከዚያ ወዲህ አላገኘነውም። ስለዚህ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከእረፍቱ በፊት በክፍሎች ውድድር አንድ የክፍላችን ልጅ ሪጎሬ ስቶ ተሸነፍን። ስም አወጣንለት። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ልጁ ከዚያ ቀን ወዲህ ሜዳ አልወረደም። ዳካር ላይ ሰው ሁሉ ሲጨፍር ትዝ ያለኝ እሱ ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ ይቅርታ ጠየቅሁት። ዝም አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ለአምበላችን በሚቀጥለው ጨዋታ ሪጎሬ ካገኘን እሱ ይምታ ብዬ ነግሬዋለሁ። እናንተም ያን ስም የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እንዳትጠሩት። ገና የመጀመሪያው ሻይ ላይ ነን።