ለውሻው አስቀድሞ፣ ለሰው ፈጥኖ

ነገ ተመድበን በምንሄድበት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ውሻ ነክሶት እያለቀሰ ቢመጣ ምን እናደርጋለን? «የታወቀ የሰፈር ውሻ ነው፣ ምንም አትሆን» ብለን እንሸኘው ይሆን? መልሱን ለማግኘት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለእንስሳና ለሰው የሚሰጥበትን ልዩነት ማወቅ ያሻል።

ለውሻና ለድመት ክትባቱ የሚሰጠው አስቀድሞ ነው። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። ያልተከተበ ውሻ በእብድ ውሻ ከተነከሰ በኋላ «አሁን ላስከትበው» ቢባል ግን አያስተማምንም። እንዲወገድ ወይም ለወራት ተለይቶ እንዲጠበቅ ይደረጋል።

የሰው ነገር ሌላ ነው። እንደ እንስሳት ሐኪም በሥራው ከሚጋለጥ በቀር ብዙ ሰው አስቀድሞ አይከተብም። ለሰው ከንክሻው በኋላም ቢሆን ይደርሳል። እንዴት ቢሉ፣ ቫይረሱ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል የሚሄደው ቀስ እያለ ነው፤ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። ክትባቱ በዚህ መካከል ይቀድመዋል። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. የ9 ዓመቱን ጆሴፍ ሜስተርን ያዳነው በዚሁ መንገድ ነበር። ዱሮ ሆድ ላይ የሚወጋው ብዙ መርፌ ሰውን ያስፈራ ነበር፤ ዘመናዊው ክትባት ግን ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው። ንክሻው ካደማ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን መዳን የለም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ልጁ ሲመጣ፦

1. ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፤ ቅጠልም ሆነ ሌላ ነገር አለመለጠፍ።
2. በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ። ውሻው ተከትቧል ቢባልም ውሳኔው የባለሙያ ነው።
3. ውሻው የሚያዝ ከሆነ ሳይገድሉ 10 ቀን አስሮ መመልከት። ይህ ማለት ግን ሕክምናው 10 ቀን ይቆይ ማለት አይደለም!
4. የተጀመረ ክትባት በሐኪም ትእዛዝ ካልሆነ አለማቋረጥ።

በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። በተጠርጣሪ እንስሳ ከሚነከሱት 100 ሰዎች 40ዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ የእኛው ተማሪዎች ማለት ነው። የሰው ክትባት የሚያድነው የተከተበውን አንድ ሰው ብቻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከ100 ውስጥ 70ዎቹ ቢከተቡ ግን በሽታው ከምንጩ ይደርቃል። ታዲያ የቤታችንን ውሻ አስከትበናል ወይ?